የሞተር ሳይክል ፈተና ወድቄአለሁ፤ ፈቃድ ግን አልገዛም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፥

ይህችን አስተያየቴን በአንባቢዎች ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ስለ ራሴ ውድቀት ነው። ሰው ስለ ራሱ ውድቀት በጋዜጣ ሲጽፍ እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ጉዳዩ የእኔ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ አያሌ ወንድሞችና እኅቶች በቆሙበት መንታ መንገድ ላይ እኔም ስለ ቆምኩ፥ ያየሁትንና የወሰንኩትን ባካፍላቸው አይጠሉኝም ብዬ አስባለሁ።

ሥራዬ ማስተማር ነው። ልጅነቴን በሚስዮን ትምህርት ቤት አሳልፌ፥ ኋላም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ እነሆ ለ11 ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቻለሁ። የምኖረው በደቡብ በኩል ካሉት ከተሞች በአንዲቱ ሲሆን፥ የማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይገኛል። ባጃጅ ሲገኝ በባጃጅ፥ ባጃጅ ሲታጣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ፥ እርሱም ሲታጣ በእግሬ እሄዳለሁ። የአንደኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ተደውሎ ተማሪዎቼ ተቀምጠው እየጠበቁኝ፥ እኔ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ የደረስኩበት ቀን ብዙ ነው። አርፍዶ የመጣን ተማሪ እገሥጽ የነበርኩ ሰው ራሴ ማርፈድ ሳበዛ ኅሊናዬ አላርፍ ቢለኝ፥ ባለፈው ዓመት ዕቁብ የደረሰኝ ጊዜ ገንዘቡን አንድ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛሁበት። ባለቤቴ ግን በዚያ ገንዘብ የቤቱ ጣሪያ እንዲጠገንበት አስባ ነበርና፥ «እንግዲህ ዝናቡ ሲያፈስብን ሞተሩ ላይ ወጥተን እንሸሻለን» ብላ ቀልዳብኛለች።

ከዚህ በኋላ በማሠልጠኛ ተመዝግቤ ትምህርቱን ተከታተልኩ። የጽሑፉን ፈተና ያለ ችግር አለፍኩ። የመንገድ ምልክቶችን፥ የቅድሚያ መስጠትን ሕግና የሞተሩን ክፍሎች ስም ከነሥራቸው አውቄአለሁ። ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ለምን ወደ ውስጥ እንደሚያዘነብልም በሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳልኩ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ተግባሩ ፈተና የሄድኩት ልቤ ሞልቶ ነበር።

የፈተናው ሜዳ ላይ ምልክቶች ተተክለዋል። ተፈታኙ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ የ8 ቁጥር ቅርጽ እንዲሠራ፥ እግሩን መሬት እንዳያስነካ፥ ምልክቱንም እንዳይገጭ ይፈለጋል። የመጀመሪያውን ክብ እንደምንም ዞርኩት። ወደ ሁለተኛው ስገባ ግን ዓይኔ ከፊት ለፊቴ ካለው ምልክት ላይ ተተከለ። «እንዳልገጨው፥ እንዳልገጨው» እያልኩ ሳየው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ እርሱ ሄደ። ደንግጬ ፍሪሲዮኑን ባንድ ጊዜ ብለቀው ሞተሩ ተንፈራግጦ ጠፋ፤ እንዳልወድቅም ግራ እግሬን መሬት አስነካሁ። ፈታኙ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ወጣት ነው። «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለዛሬው አላለፉም። ተለማምደው ይመለሱ» ብሎ በትሕትና አሰናበተኝ።

ከዚህም የባሰው ገና ነበር። ከእኔ ቀጥሎ የተጠራው ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በእኔ ትምህርት ከ100 38 ያገኘ ልጅ ነው። ሞተሩ ላይ ወጥቶ የ8ን ቁጥር ውኃ እንደሚጠጣ ሰው በቀላሉ ሠርቶ ወረደ። ወደ እኔም መጥቶ፥ ዓይኔን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ፥ «አይዞዎት መምህር» አለኝ። በማግሥቱ ክፍል ስገባ በሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ የ8 ቁጥር ተስሎ ቆየኝ። ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ብቆጣ የበለጠ መሳቂያ እንደምሆን ስለ ተረዳሁ እኔም ሳቅሁ፤ ቁጥሩንም ሳላጠፋ በዚያው ላይ የክብ እንቅስቃሴን ትምህርት አስተማርኩበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፈተናውን መውደቄ በተሰማ በሦስት ቀን ውስጥ መካሪዎች በዙልኝ፤ ምክራቸውም በአራት ይከፈላል። አንደኞቹ «ሞተሩን ሽጠህ ጣሪያህን ጠግን» ይላሉ። ሁለተኞቹ «ፈቃድ ምን ያደርግልሃል? የትራፊክ ፖሊሶቹ የቀድሞ ተማሪዎችህ ናቸው፤ ማን ያስቆምሃል?» ይላሉ። ሦስተኞቹ፥ ከእነርሱም መካከል አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ አለ፥ «የሁለት ሳምንት ደመወዝህን የሚያህል ገንዘብ ብትሰጥ ፈቃዱን ቤትህ ድረስ የሚያመጣልህ ደላላ አውቃለሁ» ይላሉ። አራተኛው ምክር የፈታኙ ነው፤ እርሱም «ተለማምደው ይመለሱ» ያለኝ ነው። ከአራቱ ይህኛው ብቻ የሚያደክምና የሚያሳፍር ሆኖ ታየኝ።

እውነቱን ልናገርና፥ ለሦስተኛው ምክር ወዲያውኑ እምቢ አላልኩም። አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ። «እኔ ሕጉን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ፤ የጎደለኝ ጥቂት ልምድ ነው፤ እርሱንም በመንገድ ላይ እማረዋለሁ። ደግሞስ የማስበው ለተማሪዎቼ በሰዓቱ ለመድረስ አይደለምን?» እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ሰው ወደ ጥፋት ሲሄድ ሁልጊዜ አንድ መልካም ምክንያት ይዞ ነው የሚሄደው።

ነገር ግን «በመንገድ ላይ እማረዋለሁ» ያልኩት ቃል ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። የቱ መንገድ ነው? እኔ የምሄድበት መንገድ ጧትና ማታ ተማሪዎቼ ደብተራቸውን ይዘው በዳርና ዳር የሚጓዙበት መንገድ ነው። ባለፈው ዓመት ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዲቱ በዚሁ መንገድ ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ሞተር ሳይክል ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ከሐኪም ቤት ወጥታ በምርኩዝ መሄድ ስትጀምር ጓደኞቿ የብሔራዊ ፈተናውን ተፈትነው ጨርሰው ነበር። የገጫት ሰው የመሥሪያ ቤት ሞተር የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከወደቀችበት አንሥቶ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሳትም፥ የሕክምናዋን ወጪ የቻለውም እርሱ ነው። በሽምግልናው ላይ እኔም ተቀምጬ ነበርና፥ ፈቃዱን ሲጠየቅ ከኪሱ አውጥቶ አሳየ። «ለመሆኑ እንዴት ተፈተንክ?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቀው ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ኋላም ለፈተና ሞተር ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እንግዲህ እርሱም በመንገድ ላይ ነበር የሚማረው ማለት ነው።

ይህን ሳስታውስ የደላላው ነገር በውስጤ አለቀለት። የሁለተኛውም ምክር ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የቀድሞ ተማሪዬ የሆነው ፖሊስ አይቶ እንዳላየ ቢያሳልፈኝ፥ ያከበረኝ መስሎት ሥራውን እንዲበድል አደረግኩት ማለት ነው። ለዚህስ ነውን ያስተማርኩት?

ነገሩ የአንድ ከተማ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ ቁጥር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳወጣው፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከእነዚህ 23 በመቶዎቹ እግረኞች፥ 21 በመቶዎቹ ደግሞ በባለ ሁለትና በባለ ሦስት እግር ሞተር የሚጓዙ ናቸው። በዙሪያው ብረት የሌለው መንገደኛ፥ በእግሩ የሚሄደውም ሆነ ሞተር ላይ የተቀመጠው፥ ያው አንድ ዓይነት ሥጋና አጥንት ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ጥቂት ስሌት ቢፈቀድልኝ፥ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ከሲሶ ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት 60 የሚሄደው ደግሞ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ያህል ቢፈጅበት፥ ይህን ሁሉ ርቀት የሚሄደው ፍሬኑ ገና ሳይነካ ነው። ፍሬን ከተያዘም በኋላ፥ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ በሜዳ ላይ በእግር ጉዞ ፍጥነት ሞተሩን መግዛት ያልቻለ ሰው፥ በዚያ ፍጥነት ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ልምድ ያለው ሰው እንኳ ቢሆን ከአደጋ ያመለጠ አይደለም። በአረብ አገር ጦርነት ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎውረንስ ብዙ ዘመን ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው ሲሆን፥ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎድቶ በ46 ዓመቱ ሞተ። በሕክምናው የተካፈለው ሂው ኬርንስ የተባለው የጭንቅላት ሐኪም ነገሩን በዋዛ አልተወውም። በሞተር ሳይክል አደጋ ስለሚደርስ የጭንቅላት ጉዳትና ስለ ሄልሜት ጥቅም አጥንቶ በ1941 ጽሑፍ አወጣ። ሆኖም በብሪታንያ ሄልሜት ማድረግ ለሕዝቡ ሁሉ ግዴታ የሆነው በ1973 ነው። ዛሬ በእኛ ከተማ ሄልሜቱን በራሱ ላይ እንደማድረግ በክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፥ የትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ የሚያጠልቅ ስንት አለ! ፈቃዱንም እንደዚሁ ለፖሊስ የሚታይ ነገር ብቻ አድርገን ማየታችን ነው የችግሩ ሥር።

የአገራችን ሕግ ግን ይህን ወረቀት በከንቱ አልሰየመውም። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ስሙ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ» ነው። ብቃት ማረጋገጫ ማለት፥ ይህ ሰው መንዳት ይችላል ብሎ መንግሥት ለማያውቀው መንገደኛ ሁሉ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ምስክርነቱን በገንዘብ የገዛ ሰው እንግዲህ በመንግሥት ስም በሐሰት መሰከረ ማለት ነው። እኛ ደመወዛችን ከመንግሥት የሚከፈለን ሰዎች ይህን ስናደርግ ደግሞ ነገሩ በእጥፍ ይከፋል።

በተለይ አስተማሪ ለሆንን ሰዎች አንድ ሌላ ነገር አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገ ጊዜ፥ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ወላጆች ሲያለቅሱ፥ ልጆች ሲያዝኑ፥ እኔም ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ፥ «ሠርቶ መውደቅ ኮርጆ ከማለፍ ይሻላል፤ የወደቀ ሰው ድካሙን አውቆ ይነሣል» እያልኩ በክፍል ውስጥ ስናገር ከርሜአለሁ። ያን የሰሙኝ ልጆች ዛሬ ሰሌዳ ላይ የ8 ቁጥር ስለው ምን እንደማደርግ እያዩኝ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳልፈተን ፈቃድ ይዤ በሞተር ብመጣ አንድም ሰው አይከሰኝም ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስለ ኩረጃ የምናገረውን የሚሰማ ልጅ አይኖረኝም።

ስለዚህ አራተኛውን ምክር መረጥኩ። መምረጡ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን እንዲህ ነው። ያ 38 ያገኘ ተማሪዬን ጠርቼ «አስተምረኝ» አልኩት። ፈቃዱን ከተቀበለ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄልሜቱን አጥልቆ ሞተሬን እስከ ትምህርት ቤቱ የኳስ ሜዳ ድረስ እርሱ ይነዳዋል፤ እኔ በእግሬ እከተላለሁ። በመንገድ ላይ የሚያውቁን ሰዎች፥ «ምነው መምህር፥ ሞተሩን ለልጁ ሸጡለት?» እያሉ ይስቃሉ። ሜዳው ላይ አሸዋ የሞሉ የውኃ ኮዳዎች እንደረድርና በመካከላቸው እዞራለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጁ ያስተማረኝን ነገር በ11 ዓመት ውስጥ ከሰሌዳዬ አላገኘሁትም። «መምህር፥ ኮዳውን አይዩት፤ የሚሄዱበትን ይዩ» አለኝ። እውነትም ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ፍሪሲዮኑንም ባንድ ጊዜ ከመልቀቅ ይልቅ ግማሹን ይዞ፥ ነዳጁን በእኩል እየሰጡ፥ የኋላውን ፍሬን በቀስታ ረገጥ አድርጎ መሄድ፤ መሪው በተጠመዘዘበት ጊዜም የፊት ፍሬንን አለመንካት እንደሚገባ አሳየኝ። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ብጠይቀው አያውቅም፤ እጁ ግን ያውቀዋል። አውሮፕላን ከሠሩት ወንድማማቾች አንዱ የነበረው ዊልበር ራይት፥ አስቀድሞ ብስክሌት ሠሪ ነበርና፥ ብስክሌት ነጂዎችን እንዴት እንደሚታጠፉ ቢጠይቃቸው በትክክል የሚያስረዳ አላገኘም ይባላል። እነርሱ እየቻሉ መናገር አቃታቸው፤ እኔ ደግሞ እየተናገርኩ መቻል አቃተኝ። አሁን እኔ ለልጁ ከልምምዱ በኋላ አንድ ሰዓት ፊዚክስ አስተምረዋለሁ፥ እርሱም ለእኔ ሞተር ያስተምረኛል። ከሁለታችን ማን ቶሎ እንደሚያልፍ ገና አልታወቀም።

ይህን ካልኩ በኋላ ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፥ ተፈታኝ ሲወድቅ የወደቀበት ነገር በአጭር ጽሑፍ ቢሰጠው መልካም ነው። እኔ «አላለፉም» ከመባል በቀር የተነገረኝ የለም፤ ጥፋቴን ያገኘሁት ከተማሪዬ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን ስሕተታችንን በቀይ ቀለም አስምረው «እንደገና» ብለው ይመልሱልን ነበር። ያ ቀይ ቀለም ያስለቅሰን እንደ ነበር አልረሳም፤ ነገር ግን ምን ማረም እንደሚገባን እናውቅ ነበር። የወደቀበትን የማያውቅ ሰው ወደ ልምምድ ከመመለስ ይልቅ ወደ ደላላ መሄድ ይቀለዋል።

ሁለተኛ፥ ለሠራተኞቻቸው ሞተር ሳይክል የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ቢያዩት ይበጃል። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ዙር ቢሉት የሚፈጀው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ከሞተሩም ጋር ሄልሜት አብሮ ይሰጠው።

ሦስተኛ፥ እናንተ እንደ እኔ ወድቃችሁ ያፈራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፥ ኀፍረቱ አንድ ሳምንት ያህል ቢቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሌላ የሚስቅበት ያገኛል። የዚያች ተማሪዬ ምርኩዝ ግን አንድ ሳምንት ብቻ አልቆየም።

ሁለተኛው ፈተናዬ በሚመጣው ወር ነው። አልፋለሁ ብዬ በጋዜጣ ላይ አልፎክርም፤ ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ሁለት ኮዳ ገጭቻለሁ። ብወድቅ ሦስተኛ ጊዜ እመዘገባለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን በባጃጅም በእግሬም እየሄድኩ ለአንደኛው ክፍለ ጊዜ ለመድረስ ከቤቴ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ መውጣት ጀምሬአለሁ፤ ይህንንስ ያለ ፈቃድም ማድረግ ይቻል ኖሯል።

ከአክብሮት ጋር፥

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ